የዲክሲ ዲን ስልሳ ጎል

ባለፈው ዓመት አንድ ለቅሶ ላይ፣ በዕድራችን ድንኳን ሥር ተቀምጠን ሳለ፣ አጠገቤ የነበሩ የሰፈራችን ወጣቶች ስለ እንግሊዝ ኳስ ተጫዋቾች ይከራከሩ ነበር። አንድ ተጫዋች በሳምንት የሚከፈለውን ገንዘብ ሲጠሩት ቁጥሩ በጆሮዬ አልገባ አለኝ። አንደኛው ልጅ ዞር አለና በድሮ ዘመን ለተጫዋች ስንት ይከፈል እንደነበር ጠየቀኝ። እኔም ስለ ዲክሲ ዲን እነግራቸው ጀመር። ገና ከመጀመሬ ሬሳው ሊነሣ ነው ተባለና ሁላችንም ብድግ አልን፤ ወሬውም በዚያው ቀረ። የዕድራችን ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች አንድ ነገር እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ ያቺን የተቋረጠች ወሬ ልጨርሳት ብዬ ተነሣሁ። የምጠራቸው ዓመቶች፣ የእኛ ነው ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ዊሊያም ራልፍ ዲን ጃንዋሪ 22 ቀን 1907 በርከንሄድ ከተማ ተወለደ። በርከንሄድ ከሊቨርፑል ፊት ለፊት፣ መርዚ ከተባለው ወንዝ ማዶ የምትገኝ፣ መርከብ የሚሠራባት የሠራተኛ ከተማ ናት። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ይህ አባት የኤቨርተን ቡድን ወዳጅ ስለነበር፣ ቡድኑ የሊጉ ሻምፒዮን በሆነበት በ1914/15 የጨዋታ ዘመን ትንሹን ልጅ ይዞ ወንዙን ተሻገረና ጉዲሰን ፓርክ ወደሚባለው የኤቨርተን ሜዳ ወሰደው። የልጁ ነገር በዚያ ቀን አለቀለት። ከዚያ ወዲያ ሌላ ቡድን በልቡ አልገባም።

የልጅነቱ ጊዜ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ወተት በየቤቱ እያደረሰ አደገ። ከትምህርቱ ኳሱ ይበልጥበት ስለነበር ቀለሙ ብዙም አልዘለቀው፤ በ14 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ በባቡር ኩባንያ የመካኒክነት ሙያ ተለማማጅ ሆኖ ገባ። እዚያ ሌሎቹ ተለማማጆች የሌሊቱን ተራ ይሸሹት ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ግቢው አይጥ ይርመሰመስበታል። ዲን ግን የሌሊቱን ተራ ወድዶ ወሰደ። ቀኑን ለኳስ ነጻ ለማድረግ ነዋ!

ዲክሲ የሚለው ስም ወላጆቹ ያወጡለት አይደለም። ጠየም ያለ ፊቱንና ጥቁር ከርዳዳ ጠጉሩን ያዩ ሰዎች የለጠፉበት ስም ነው፤ ዲክሲ ማለት ጥቁር ሕዝብ በብዛት የሚኖርበት የደቡብ አሜሪካ ግዛቶች፣ ማለት የዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ፣ መጠሪያ ነውና። እሱ ስሙን አይወደውም ነበር። ቢል ብለው ሲጠሩት ነበር ደስ የሚለው። ነገር ግን ሕዝብ አንዴ ያወጣውን ስም ማን ይፍቀዋል? እኔም ይኸው ርእሴ ላይ ጻፍኩት።

የከተማው ክለብ ትራንሚር ሮቨርስ ያን ጊዜ በሦስተኛው ዲቪዚዮን የሚጫወት አነስተኛ ክለብ ነበር። ዲን 17 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው እዚያ መሰለፍ ጀመረ፤ በ30 የሊግ ጨዋታ 27 ጎል አገባ። መቼም ያን ጊዜ ተከላካይ ማለት አጥቂን አፈር የሚያስልስ ማለት ነበር። በአንድ የተጠባባቂ ቡድኖች ጨዋታ ላይ አንዱ ተከላካይ ክፉኛ መታውና፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ከወንድነቱ ፍሬ አንዱን በሐኪም ቤት እስከማጣት ደረሰ። ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነበር። ድኖ ተመለሰ፣ እንደ ድሮውም ማግባቱን ቀጠለ። በኋላም ትዳር ይዞ ልጆች ወልዷል።

በማርች 1925 ኤቨርተን በ3 ሺህ ፓውንድ ገዛው። ለ18 ዓመት ልጅ ይህ በዚያን ጊዜ ትልቅ ዋጋ ነው። የኤቨርተን ጸሐፊ ሊያነጋግረው በአንድ ሆቴል ውስጥ እየጠበቀው መሆኑን እናቱ ስትነግረው፣ ልጁ መንገዱን ሁሉ እየሮጠ ሄደ ይባላል። ስለ ዋጋ የሚከራከር አንጀት አልነበረውም። አባቱ በእጁ ይዞ የወሰደው ሜዳ ላይ ሊጫወት ነው፤ ምን ክርክር ያስፈልጋል? ፈረመ። ጣጣው የመጣው በኋላ ነው። ከሽያጩ ከመቶ አሥር፣ ማለት 300 ፓውንድ፣ ይደርሰኛል ብሎ ሲጠብቅ፣ በእጁ የገባው 30 ፓውንድ ብቻ ሆነ። ለሊጉ ታላቅ ሹም አቤት ቢልም፣ አንዴ ከፈረመ ወዲያ የሚደረግ ነገር እንደሌለ ተነግሮት ተመለሰ።

እዚህ ላይ ያ ልጅ በድንኳን ውስጥ ለጠየቀኝ ጥያቄ መልስ ልስጥ። ከ1922 ጀምሮ የእንግሊዝ ክለቦች የተስማሙበት የደመወዝ ጣሪያ ነበረ። ትልቁ ተጫዋች በጨዋታው ወራት በሳምንት 8 ፓውንድ፣ በዕረፍቱ ወራት ደግሞ 6 ፓውንድ ይከፈለዋል፤ ከዚያ በላይ መክፈል ክልክል ነው። 8 ፓውንድ ለአንድ ሠራተኛ ጥሩ ገንዘብ ነው፤ ጎበዝ የእጅ ባለሙያ ከሚያገኘው እጥፍ ያህል ይሆናል። ሰው አይራብበትም። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ጎል ያላገባውም፣ 60 ያገባውም ከዚያው ጣሪያ ሥር ነበሩ። ደግሞም ተጫዋቹ ውሉ ቢያልቅ እንኳ ክለቡ ወረቀቱን ካልለቀቀለት ወዴትም መሄድ አይችልም። በየቅዳሜው 30 እና 40 ሺህ ሰው ከፍሎ ይገባል፤ ገንዘቡ የክለቡ ነው፣ ተጫዋቹም የክለቡ ነው። ይህ ጣሪያ የተነሣው በ1961 ነው። ያን ጊዜ ዲን የ54 ዓመት ሰው ነበር።

ኤቨርተን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በጁን 1926፣ ሰሜን ዌልስ ውስጥ ሆሊዌል በምትባል ከተማ አጠገብ በሞተር ሳይክል ሲሄድ ከሌላ ሞተር ጋር ተጋጨ። የራስ ቅሉና መንጋጋው ተሰበረ። ከአንድ ቀን በላይ ራሱን ስቶ ቆየ። ሐኪሞቹ ይተርፍ እንደሆነም አላወቁ፤ ከተረፈም ኳስ የሚባል ነገር ይቅርበት የሚል ነበር አሳባቸው። የራስ ቅሉ የተሰበረ ሰው እንዴት ኳስ በጭንቅላቱ ይመታል? ልብ በሉ፣ የዚያን ጊዜ ኳስ እንዳሁኑ ቀላል አይደለም። ወፍራም ቆዳ ነው፤ አፉ በጠፍር የሚታሰር፣ ዝናብ ሲያገኘው ውሃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ የሚከብድ። የሊቨርፑል ሰማይ ደግሞ ዝናብ አያጣም። ዲን በኦክቶበር፣ በአራት ወር ውስጥ ማለት ነው፣ ሜዳ ገባ። ብዙም ሳይቆይ እንደ ድሮው በቴስታ ማግባት ጀመረ። ሰዉም ሐኪሞቹ ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ቀብረውበታል፣ ለዚህ ነው ቴስታው የሚያይለው እያለ አወራ። ወሬ ነው። ቴስታው ከአደጋው በፊትም ያው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በ1925 የኦፍሳይድ ሕግ ተለውጦ ነበር። ቀድሞ በአጥቂውና በጎሉ መስመር መካከል ሦስት ተቃራኒዎች መኖር ነበረባቸው፤ አዲሱ ሕግ ሁለት ይበቃሉ አለ። ተከላካዮቹ ግራ ተጋቡ፣ ጎልም እንደ በጋ ጎርፍ ሳይታሰብ መጣ። በ1926/27 ጆርጅ ካምሴል የተባለ የሚድልስብሮ አጥቂ በሁለተኛው ዲቪዚዮን 59 ጎል አገባ። ይህን የሚደርስበት ሰው አይኖርም ተባለ። ምስኪን ካምሴል፣ ሪከርዱ የቆየለት አንድ ዓመት ብቻ ነው።

በ1927/28 ዲን በአንደኛው ዲቪዚዮን ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ ማግባት ጀመረ። በግራ ክንፍ በኩል አሌክ ትሩፕ የሚባል አጭር ስኮትላንዳዊ ነበር፤ የትከሻው አጥንት ደካማ ስለሆነ ታስሮለት ነው የሚጫወት። ይህ ሰው ከክንፍ የሚያሻግራት ኳስ ዲን ጭንቅላት ላይ እንደ ተላከች ደብዳቤ ትደርስ ነበር። ዲን ረጅም ሰው አይደለም፤ ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ80 በታች ነው። ብልሃቱ ዝላዩ ላይ ነው። ቀደም ብሎ ይነሣል፣ አየር ላይ የቆመ ይመስላል፣ ከዚያ ኳሷን በግንባሩ ወደ ታች፣ በረኛው ወደማይደርስበት ጥግ ይልካታል።

ሁለት ጨዋታ ሲቀር 53 ጎል ነበረው። ካምሴልን ለማለፍ ሰባት ያስፈልገዋል። ሰባት ጎል በሁለት ጨዋታ! በርንሊ ሄደው ሲጫወቱ አራት አገባ፤ ግን እግሩን ተጎዳ። ሃሪ ኩክ የሚባለው የቡድኑ ወጌሻ ሳምንቱን ሁሉ እግሩን በትኩስ ነገር ሲያሽለት ከረመ። ሦስት ጎል ቀረ። የመጨረሻው ጨዋታ ደግሞ ከአርሰናል ጋር ነው።

ቀኑ ሜይ 5 ቀን 1928 ነበር። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1920 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሚያዝያ 27ን እኛ በሌላ ነገር፣ በድል በዓላችን እናውቃታለን፤ ያ የመጣው ግን ከዚህ 13 ዓመት በኋላ ነው። የሆነው ሆኖ፣ ከ48 ሺህ ሰው በላይ ጉዲሰን ፓርክ ገባ። ኤቨርተን ከዚያ ጨዋታ በፊት ሻምፒዮንነቱን አረጋግጧል። ስለዚህ ማን ያሸንፋል ብሎ የመጣ ሰው አልነበረም። ሁሉም የመጣው አንድ ሰው ሦስት ጎል ሲያገባ ለማየት ነው።

መጀመሪያ ያገባው አርሰናል ነው። ወዲያው ዲን መለሰ። ጥቂት ቆይቶ ኤቨርተን ሪጎሬ አገኘ፤ ዲን መትቶ አገባ። 59 ሆነ፣ ከካምሴል እኩል ደረሰ። አርሰናልም አቻ አደረገ። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ መሮጥ ጀመረ። ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ፣ ተጋመሰ፣ ወደ ማለቁ ተቃረበ፣ ስድሳኛዋ ግን አልመጣ አለች። ኳስ ያገኘ የኤቨርተን ተጫዋች ሁሉ ለዲን ብቻ ነው የሚሰጥ፤ አርሰናሎችም ይህንን ስለሚያውቁ ዲንን ብቻ ነው የሚጠብቁ። ሊጠናቀቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ኤቨርተን ማዕዘን ምት አገኘ። ያ አጭሩ ትሩፕ አሻገረ። ዲን ከሰው ሁሉ በላይ ተነሣና በግንባሩ መታት። ስድሳ!

ስታዲዮሙ ተደበላለቀ። አንድ ጢማም ሰው ሮጦ ሜዳ ገብቶ ዲንን አቅፎ ሳመው ይባላል። በቀሩት ደቂቃዎች አርሰናል ሌላ ጎል አግብቶ ጨዋታው 3 ለ 3 አለቀ። ያቺን ጎል ግን ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም።

60 ጎል በ39 የሊግ ጨዋታ ማለት ነው። ከስድሳው 40 በእግሩ፣ 20 በጭንቅላቱ። ልጆቻችን የሚከራከሩበት ኤርሊንግ ሃላንድ በ2022/23 36 ጎል አግብቶ የፕሪሚየር ሊግን ሪከርድ ሲሰብር ዓለም ሁሉ አጨበጨበለት፤ ይገባዋልም። የዲን ቁጥር ግን ከዚያም በ24 ይበልጣል። በሚቀጥለው ሳምንት ደመወዙ ስንት ሆነ ብትሉኝ፣ ያው የዕረፍት ወራት ስለገባ ስድስት ፓውንድ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። ኤቨርተን በ1930 ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ወረደ። ዲን ከቡድኑ ጋር አብሮ ወረደ፤ በሚቀጥለው ዓመት 39 ጎል አግብቶ መልሶ አወጣው። በ1932 45 አግብቶ ቡድኑን የአንደኛው ዲቪዚዮን ሻምፒዮን አደረገው። በ1933 ደግሞ ካፒቴን ሆኖ የእንግሊዝን ዋንጫ በዌምብሊ አነሣ። ኤቨርተን ማንቸስተር ሲቲን 3 ለ 0 ሲያሸንፍ አንዷን ያገባው እሱ ነው። በዚያ ቀን የዋንጫ ፍጻሜ ተጫዋቾች ለመጀመሪያ ጊዜ ማሊያቸው ላይ ቁጥር ለጠፉ፤ ኤቨርተን ከ1 እስከ 11፣ ሲቲ ከ12 እስከ 22። ዲን 9 ቁጥር ነበር። ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን 16 ጊዜ ተሰልፎ 18 ጎል አግብቷል። በኤቨርተን ማሊያ ያገባው ሲደመር 383 ነው። ያን ሁሉ ርግጫና ክርን ሲቀበል፣ ከሜዳ የተባረረበት ቀን የለም።

እኔ ከጎሎቹ ይልቅ ልቤን የሚነካው በ1936 መጨረሻ የሆነው ነገር ነው። ኤቨርተን ቶሚ ሎውተን የሚባል የ17 ዓመት ልጅ በ6,500 ፓውንድ ከበርንሊ ገዛ። ልጁ መሐል አጥቂ ነው፤ የዲን ቦታ ማለት ነው። ዲን 30 ዓመት ሊሞላው ነው፣ ቁርጭምጭሚቱም ጉልበቱም ተበላሽቷል። ልጁ ለምን እንደመጣ ያልገባው ሰው አልነበረም። ታዲያ ዲን ምን አደረገ? ልጁን ጠርቶ ቦታውን ሊወስድ እንደመጣ እንደሚያውቅ ነገረው፤ የሚችለውን ሁሉ እንደሚያስተምረውም ነገረው። እንዳለውም አደረገ። ከልምምድ በኋላ እያስቀረ፣ ከባድ ኳስ እያስመታ፣ መቼ እንደሚነሣ፣ እንዴት አንገቱን እንደሚያጠነክር አሳየው። ሎውተን በሚቀጥለው ዓመት ቦታውን ወሰደ። በ1939 ኤቨርተን ሻምፒዮን ሲሆን ጎል አግቢው ሎውተን ነበር። እኔ በሥራ ዘመኔ ሙያውን ለተተኪው እንዳያሳይ መሣቢያውን ቆልፎ የሚሄድ ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን እምብዛም።

ክለቡ በማርች 1938 ዲንን ለኖትስ ካውንቲ ሸጠው። አሸኛኘቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከ13 ዓመት በኋላ ያለ ብዙ ስንብት ነው የወጣው። በአዲሱ ክለብ ጉዳት አላስቀምጠው ብሎ 9 ጊዜ ብቻ ተሰለፈ። በ1939 መጀመሪያ ላይ ባሕር ተሻግሮ አየርላንድ ገባና በስላይጎ ሮቨርስ ተጫወተ። ስላይጎ በምዕራብ አየርላንድ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የከተማው ሰው እንደ ንጉሥ ተቀበለው። ቡድኑን ለአየርላንድ ዋንጫ ፍጻሜ አደረሰው፤ ግን በድጋሚ ጨዋታ በሼልበርን ተሸነፉ። ለተሸናፊዎች የተሰጠችውን ሜዳሊያም እዚያው አየርላንድ ሳለ ሌባ ሰረቀው። ይህችን ሜዳሊያ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ ወታደር ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ ቼስተር ከተማ ውስጥ ደብሊን ፓኬት የሚባል መጠጥ ቤት ያዘና ለብዙ ዓመት ቢራ ሲቀዳ ኖረ። መጠጥ ቤት ለቀድሞ ተጫዋች መልካም ነው፣ ሰው እሱን ለማየት ይመጣል። ግን ጤናውም ሥራውም እየደከመ ሄደና ተወው። ኑሮው ያስቸገረው መሆኑ ሲሰማ፣ በአፕሪል 1964 ጉዲሰን ፓርክ ላይ ለሱ መርጃ የሚሆን ጨዋታ ተዘጋጀ። የኤቨርተንና የሊቨርፑል ተጫዋቾች ተደባልቀው፣ እንግሊዛውያኑ ባንድ ወገን ስኮትላንዳውያኑ ባንድ ወገን ሆነው ተጫወቱ። ከ30 ሺህ በላይ ሰው ትኬት ቆርጦ ገባ። ከነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ዲን ሲጫወት አላዩም፤ አባቶቻቸው ናቸው ያዩት። ዲን ጫማውን ከሰቀለ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ሆኖታልና። እኛ በወር በወር ለዕድር የምናዋጣ ሰዎች ይህ ነገር ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ከዚያ በኋላ ሊትልውድስ በተባለ፣ የኳስ ውጤት እየተገመተ ገንዘብ በሚወጣበት ድርጅት ውስጥ ተቀጠረ። ሥራው ዕቃ ማመላለስና መላላክ ነበር። ነገሩን አስቡት፤ መላው አገር የኳስ ውጤት እየሞላ የሚልከው ወደዚያ ቤት ነው፣ በዚያው ቤት ኮሪደር ላይ 60 ጎል ያገባው ሰው ዕቃ ተሸክሞ ይመላለሳል። እሱ ግን አላፈረበትም። አብረውት የሠሩት ጸጥተኛና ሳቂታ ሰው ነበር ይላሉ። በ1972 ጡረታ ወጣ። በ1976 በደም መርጋት ምክንያት ቀኝ እግሩ ተቆረጠ።

አሁን ሜዳሊያዋ። በ1978 ስላይጎ ሮቨርስ እንደገና ለአየርላንድ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። ዲን በአንድ እግሩ፣ የ71 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ፣ ጨዋታውን ሊያይ ወደ አየርላንድ ሄደ። በሆቴል ክፍሉ ሳለ ከበሩ ሥር አንድ ስሙ የተጻፈበት ጥቅል ነገር ተገፍቶ ገባ። ሲከፍተው ከ39 ዓመት በፊት የተሰረቀችው ሜዳሊያ ናት። ማን እንዳመጣት አልታወቀም። ሰውየው ሌባው ራሱ ይሁን፣ ወይስ የሌባው ልጅ፣ ሜዳሊያዋን ይዞ 39 ዓመት እንዴት እንቅልፍ ወሰደው እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።

ማርች 1 ቀን 1980 ኤቨርተን ከሊቨርፑል ጋር ጉዲሰን ፓርክ ላይ ይጋጠም ነበር። ዲን ጤናው ስላልፈቀደለት ሜዳ መምጣት ካቆመ ሰንበት ብሎ ነበር። የዚያን ቀን ግን መጣ፣ ከሰው መካከል ተቀምጦ አየ። ሊቨርፑል 2 ለ 1 እየመራ፣ ጨዋታው ወደ ማለቁ ሲቃረብ ልቡ ቀጥ አለችና እዚያው ስታዲዮም ውስጥ አረፈ። ዕድሜው 73 ነበር።

በ2001 በዚያው ስታዲዮም ደጃፍ ሐውልት አቆሙለት። በ2025 የኤቨርተን የወንዶች ቡድን ጉዲሰን ፓርክን ለቅቆ በመርዚ ወንዝ ዳር ወደተሠራ አዲስ ስታዲዮም ገብቷል። የዲን የቀብር ጸሎት የተደረገው ግን ሊቨርፑል ሳይሆን ከወንዙ ማዶ፣ ወተት እያደረሰ ባደገባት በርከንሄድ፣ በሰፈሩ ባለው በቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ነበር።